ውሃ የሚጠጣ ዱቄት በዳቦ ምድጃ

ሔዋን በጓሮ በር ስትገባ የተሸከመችውን አይቼ "ኧረ በስማም! ቦንብ ነው እንዴ?" አልኳት። ክዳናቸው በብሎን የተጠረቀመ የብረት ዕቃዎች ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጋራዥ ያሠራቻቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ ሠሪው ራሱ ዳቦ ሊገዛ መጥቶ "ያቺ ተከራይሽ ደህና ናት?" ብሎ ጠይቆኛል።

"እትዬ ዘነበች፣ መብራት ከጠፋ ሰነበተ፤ የላቦራቶሪያችን ምድጃ በረዶ ሆኗል። ዳቦው ሲወጣ ምድጃችሁን ያውሱኝ" አለችኝ።

ምድጃ ማዋስ በእኛ ቤት አዲስ አይደለም። ወልድያ ውስጥ የእኛ ዳቦ ቤት በእንጨት ነው የሚሠራው፤ መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የለንም። ለበዓል የሰፈሩ ሴት ሁሉ ድፎዋን ተሸክማ ትመጣለች። አፈር በብረት ተቆልፎ ሲመጣ ግን ይኸው መጀመሪያዬ ነው። "ቤቴን ብታፈነጅው አንቺን ነው የምጋግርሽ!" ብዬ አስገባኋት።

ሔዋን የመርሳ ልጅ ናት። አባቷ ጋሼ ሙላቱ ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለው መስኖ ላይ ሽንኩርት ያለማሉ፤ እሷም በልጅነቷ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ በመስኮት ማንጎና ሽንኩርት እያቀበለች ነው ያደገችው። አውቶቡሱ ሲነሳ መልስ ለመስጠት ስትሮጥ ጉልበቷ የተላጠበትን ጠባሳ አሳይታኛለች። ኬሚስትሪ ተማረች፣ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች፣ እዚያው ቅሪ ሲሏት እምቢ ብላ ተመለሰችና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የእኛን የጓሮ ክፍል ከተከራየች ወዲህ ሁለት ደህና ደህና ወንድ ጠይቋታል። አንዱን "የሥራ ሰዓቴን ጠየቀኝ" ብላ፣ ሌላውን ምንም ሳትል መለሰችው። ስናገራት ትስቃለች። ግትርነቷ ከአባቷ ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል።

"ለመሆኑ ውስጡ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ዚዮላይት ይባላል። ከነጭ አፈርና ከኮስቲክ ሶዳ ነው የምሠራው። በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ቤቶች አሉት፤ የዶሮ ቆጥ አድርገው ያስቡት። ቆጡ ባዶ ሲሆን ውሃ ይጠማዋል። አጠገቡ ያለውን እርጥበት ይስብና ይቆልፍበታል። በሩ ጠባብ ስለሆነ ከውሃ ሌላ ብዙ ነገር አያስገባም።"

"ታዲያ ይሄ ምን ይከብዳል?"

"የሚከብደው ማቆሙ ነው፤ ቆጡ የመንገዱ መጨረሻ አይደለማ! ሙቀትና ጊዜ ከበዛበት ቤቶቹ ፈርሰው ሌላ፣ ጥብቅ ያለ፣ የጸና ነገር ይሆናሉ። ያኛው በሩ ስለሚጠብ እንደዚህኛው ውሃ አይጠጣም። እኔ የምፈልገው መሀል መንገድ ላይ ያለውን ነው። በሰዓቱ ካወጣሁት፣ ካቀዘቀዝኩትና ካጠብኩት ዓመት ቢቀመጥ አይለወጥም።"

"ኩፍ እንዳለ ሊጥ በይኛ! ሰዓቱ ሲያልፍ እንደሚወድቀው።"

"እንደሱ! እንዲያውም ለተማሪዎቼ እንዲያ ብዬ ነው የምነግራቸው" አለችና ሳቀች። ያን ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ የምትለፋው ለማን እንደሆነ ልንገራችሁ። አምና ጋሼ ሙላቱ የሽንኩርት ዘር አምርተው፣ መስኖውን ለሚጋሯቸው ጎረቤቶች በሙሉ አካፍለው ነበር። ክረምቱን እንዲያልፍ ብለው አዳዲስ ጄሪካን ገዝተው፣ የጎረቤቶቹን ዘር በዚያ ከድነው አስቀመጡ። ለራሳቸው ጄሪካኑ ስላልበቃ የእሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ከጣሪያ ሥር ሰቀሉ። ለካ ዘሩ ደረቀ ቢባልም ውስጡ እርጥበት ነበረው። ቆላ ነው፣ ይሞቃል፤ ጄሪካን ውስጥ የታፈነው ታፍኖ ሞተ። መስከረም ላይ የጎረቤት የችግኝ መደብ ሁሉ ባዶ ሲሆን የሳቸው በቀለ!

እንግዲህ ሰው ምን ይበል? "ለእኛ የሞተውን ሰጥቶ ሕያዉን ለራሱ አስቀረ" ተባለ። ይህን አፉን ሞልቶ የተናገረው አቡበከር የሚባል የመስኖ ጎረቤታቸው ነው፤ የተቀረው ተቀበለው። ጋሼ ሙላቱ የውሃ አባት ነበሩ፤ የመስኖውን ተራ የሚያዳኙ እሳቸው ናቸው። ያንን ነጠቋቸው። ሰላምታ እንኳ ነፈጓቸው። እሳቸው የስልሳ ምናምን ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ በደጃፋቸው ሰው እያየ እንዳላየ ሲያልፍ! እሳቸውም በሚቀጥለው መስከረም ለሁሉም ዘራቸውን እንደሚተኩ በሽማግሌ ፊት ቃል ገቡ። ለልጃቸው ደግሞ "ያኔም ካልበቀለ መርሳ አልቀመጥም፤ መቃብሬም እዚህ አይሆንም" አሏት። ዘንድሮ ደግሞ ይባስ ብሎ ዝናቡ ዘሩን ማሳ ላይ እያለ አገኘው። ሔዋን ያን ዘር ሳይዘገይ ውሃ ከሚጠጣው ዱቄቷ ጋር ዘግታ ካላደረቀችው ሊሻግት ነው።

ባሌ በላይ ደግሞ አለ። በላይ ደግ ሰው ነው፤ እኔን የሚገድለኝም ይኸው ደግነቱ ነው። አምስት ዳቦ ለገዛ ስድስተኛ ይመርቃል። ሰው ሰዓት ቢጠይቀው እቤቱ ድረስ ይሸኘዋል። "ምርቃት የሌለው ንግድ ቅሚያ ነው" ይላል። እኔ ከኋላው ሆኜ እየተቆጣሁ ይኸው አርጅተናል።

ሔዋን ዕቃዎቹን ምድጃው ውስጥ ደርድራ፣ ቴርሞሜትሯን አይታ፣ እሱን ፊት ለፊት አስቁማ ነገረችው። "ጋሼ በላይ፣ እኔ ተማሪ ልፈትን እሄዳለሁ። ልጆች ለምሳ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ያውጡልኝና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱልኝ። ትንሽም እንዳይቆይ፣ እሳትም እንዳይጨምሩበት። አደራ!"

"አታስቢ ልጄ" አላት። እኔም ጎረቤት ለቅሶ ነበረብኝና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ።

ስንመለስ እኔና እሷ በር ላይ ተገናኘን። ልጆች ምሳ በልተው፣ ተመልሰው፣ ማታ ሊለቀቁ ምንም አልቀራቸውም። በላይ በኩራት ብድግ አለ። "ሔዋንዬ፣ አሁን ላወጣው ነበር! ለፍተሽበት ጥሬ እንዳይሆንብሽ ብዬ ትንሽ እንጨት ጨመር አድርጌ በደንብ አበሰልኩልሽ" አላት።

መረቀላት፤ ገባችሁ? ሙቀት መረቀላት!

ሔዋን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች። ከንፈሯ ነጣ። እኔ ግን ዝም አልል! "አንተ ሰው፣ ዕድሜህን ሙሉ ሊጥ ስታቦካ ኖረህ፣ ሰዓቱ ያለፈ ነገር እንደሚበላሽ አታውቅም? ማርም ሲበዛ ይመራል!" ብዬ ጮህኩበት። "ሊጥማ አይደለም፤ ጋገራ ነው ብዬ እኮ ነው። ያልበሰለ ሰጥቶ ከማሳፈር..." እያለ ተንተባተበ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ ሳይ ደግሞ አንጀቴን በላው።

"ገና አናውቅም፤ እንየው" አለች ሔዋን።

ዕቃዎቹን አቀዝቅዛ ከፈተች። ያ ነጭ ዱቄት ያው ነጭ ነው። በዓይን ብታዩት ካለፈው ጊዜ ጋር አንድ ነው። እኔማ "ተመስገን" ማለት ጀምሬ ነበር። እሷ ግን አጥባ አጥባ፣ ጥቂቱን በመጥበሻ ምድጃው እምብርት አስገብታ እስኪግል አደረቀችው። ይህን የምታደርገው ቆጡ ውስጥ የገባውን ውሃ ለማስወጣት ነው። ከዚያ በክዳን ሸፍና አቀዘቀዘችው። ሁለት የቆርቆሮ ጣሳ ጠየቀችኝ። በአንዱ ከዚህ በፊት የሠራችውን፣ በብልቃጥ አሽጋ ያስቀመጠቻትን ጭብጥ የማትሞላ ዱቄት አደረገች። በሌላው የዛሬውን። በሁለቱም ላይ ውሃ ጠብ አደረገችና "ይያዙት እትዬ" አለችኝ።

የድሮው ጢስ አለና ጣሳው እጄን ፈጀኝ። ዱቄቱ ውሃውን ሲጎርስ ነው የሚግለው። የዛሬው ረጠበ፤ ጭቃ ሆነ፤ በቃ። በመዳፌም በጉንጬም ሞከርኩት። ቀዝቃዛ ነው።

"ወደ ጸናው ሄዷል" አለችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ኋላ አዲስ አበባ ልካ በራጅ መሣሪያ ስታስመረምረውም ያው ሆኖ ተገኘ። ያኔ ግን ራጅም አላስፈለገን።

ነጩ አፈር ከሩቅ አገር የሚመጣ ነው፤ መብራት ሳለ ጠብሳ ካስቀመጠችው የቀራት ከመጀመሪያው ሲሶውን ቢሆን ነው። ይህን ስትነግረኝ ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ሙላቱ ናቸው። ዘሩን ጭነው ሲሪንቃን አልፈዋል፤ ዝናብም ጀምሯል።

ሽማግሌው ከባጃጅ ሲወርዱ ላስቲክ የለበሰው ዘሩ እንጂ እሳቸው አይደሉም። እሳቸው በስብሰዋል። ሁለት ትልልቅ ቋጠሮ ይዘዋል፤ አንዱ ለጎረቤቶቻቸው ቃል የገቡት፣ ሌላው የራሳቸው። በላይ ገና በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሄደ። "ጋሼ ሙላቱ፣ ልጅዎ የለፋችበትን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የጠቀምኩ መስሎኝ ነው። ይርገሙኝ" አላቸው።

ሽማግሌው ነገሩን ከልጃቸው አፍ ሰሙ። ከዚያ በላይን በክንዱ ቀና አደረጉትና "እኔስ ጄሪካኑን የገዛሁት ለደግ ብዬ አልነበረም?" አሉት። በላይ ጓሮ ሄዶ ሲያለቅስ ሰማሁት።

በማግስቱ ዳቦው እንደወጣ ሔዋን የቀረውን ለውሳ በሁለት ዕቃ ከትታ አስገባች። የዚያን ቀንም ፈተና ነበረባት። ስልኳ ደጋግሞ ይጠራል፤ ኃላፊዋ ናቸው። ገለበጠችውና ምድጃው አፍ ላይ ተተከለች። "ሥራሽን ልታጪ ነው እኮ" ብላት "እትዬ፣ አያናግሩኝ" አለችኝ። እኔን! በቤቴ!

እንጨቱ እርጥብ ነበር። ሙቀቱ ይወርድና ትጨምራለች፤ ደግሞ ይዘልና ፍሙን ትጎትታለች። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። ጋሼ ሙላቱ ጥግ ይዘው የቋጠሮውን አፍ በእጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል። በላይ ወደ ምድጃው ዝር እንዳይል ፈርጄበት ሱቁ ውስጥ ጥፍሩን ይበላል፤ ገዢ መጥቶ "ዳቦ" ሲለው "ወጣ እንዴ?" እያለ ይመልሳል።

መሀል ላይ አንደኛው ዕቃ ፉጨት ጀመረ። ክዳኑ ሊያፈስ ነው። "ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ዓይን ያጠፋል!" ብላ ጮኸች። ኮስቲክ ሶዳ ፈልቶ ሲረጭ ምን እንደሚያደርግ ሳሙና የሠራ ሰው ያውቃል። ሽማግሌውን በጃኖአቸው ጎትቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ዞር ስል እሷ የለችም። ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ በዳቦ ማውጫው ረጅም እንጨት ያንን የሚያፏጭ ዕቃ ትጎትታለች! "ሔዋን! ተይው! ዘሩ ገደል ይግባ!" ብለው አባትየው ሊገቡ ሲታገሉ በወገባቸው ያዝኳቸው። ዕቃው ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ፣ ውስጡ ያለውን ተፋ። እሷም የተቃጠለ የእጇን አንጓ ይዛ ወጣች። ግቢው ውስጥ ባለው የውሃ በርሜል እጇን እስከ ክርኗ ነክሬ ያዝኩት። አላለቀሰችም። ዓይኗ ምድጃው ላይ ነው።

"አንዱ ቀርቷል። ካሁን ወዲያ እሱ ብቻ ነው" አለች፤ እጇ ውሃ እየጠጣ።

ጊዜው ሲደርስ በአንድ እጇ አወጣችው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያሰማውን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ማጠቡ፣ ማድረቁ፣ ማቀዝቀዙ ያው ነው። የመጨረሻዋን ሙከራ ግን ለአባቷ ሰጠች። "አባዬ፣ ጣሳውን ይያዙ" አለቻቸው። ውሃውን ጠብ ስታደርግ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ወይ እሳት!" አሉ ሽማግሌው። ጣሳውን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጡ "ፈጀኝ! ያለ እሳት ፈጀኝ እኮ!" ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። እልል አልኩ። በላይ ከሱቁ ሮጦ መጣ።

ሔዋን ግን ዱቄቱን በእጇ መዘነችና ቋጠሮዎቹን አየች። ደስታዋ እዚያው አለቀ።

"አባዬ፣ ይሄ ለሁለቱ አይበቃም። ከፋፍዬ ላድርገው ካልኩ ሁለቱም ጎደሎ ይደርቅና ሁለቱም ይሞታል። ለአንዱ ብቻ ነው የሚሆነው።"

"ለጎረቤቶቼ አድርጊው" አሉ፤ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ።

"አያስቸኩሉኝ! የእርስዎን እናድነው። የእርስዎ ከበቀለ ዘር ያፈራል፣ በዓመቱ ለሁሉም ያካፍላሉ። ዘንድሮ ማሳ ላይ የረጠበ ዘር ነው፤ እንዳምናው በጨርቅ ሰቅለውት አይተርፍም። ይሞታል እኮ ነው የምልዎ!"

"ሰምቻለሁ። የነሱን አድርጊ።"

"ምን ሊዘሩ ነው ታዲያ? ምን ሊበሉ ነው?" ድምጿ ሲሰነጠቅ ሰማሁት። "ለሚሰድብዎ ሰው ነው እጄን ያቃጠልኩት?"

ጋሼ ሙላቱ ተነሡ። የራሳቸውን ቋጠሮ አንሥተው በር አጠገብ አኖሩት። የጎረቤቶቹን ደግሞ እግሯ ሥር አቀረቡላት። "ማሾ እዘራለሁ፤ አልራብም። አንቺ ግን ከኔ አፍ ወጥቶ ቃል ሲታጠፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሏት። ሌላ አልተናገሩም።

ሔዋን በተቃጠለ እጇ ዱቄቱን በስስ ጨርቅ ከረጢት እየቋጠረች፣ ከዘሩ ጋር ጄሪካን ውስጥ ስትጠቀጥቅ፣ ክዳኑን በሰም ስታሽግ አንዴም ቀና ብላ አላየቻቸውም። እሳቸውም አላባበሏትም። በማግስቱ ያለ ብዙ ስንብት ሄዱ። ፈተና ሳትገኝ በመቅረቷ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ እሱን ከቁምነገርም አልቆጠረችው። ክረምቱን ሙሉ የምታስበው ሌላ ነበር። ዝናብ በወረደ ቁጥር ጣሪያውን እያየች "እንዴት ሆኖ ይሆን?" ትለኛለች። የትኛውን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ጥቅምት ላይ "እትዬ፣ አብረን እንሂድ፤ ብቻዬን አልችልም" አለችኝና መርሳ ወረድን። የችግኝ መደቦቹ በመስኖው ቦይ ዳርና ዳር ተያይዘው ነው ያሉት፤ የማን የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከሩቅ አየነው። አረንጓዴ! ዘሩ ግጥም ብሎ ወጥቷል፤ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ መሳሳት ያስፈልገዋል። የአቡበከር፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያም ያለው... እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሔዋን ፈጥና መራመድ ጀመረች፤ ከዚያ ሮጠች።

የመጨረሻው መደብ ላይ ቆመች። የአባቷ ነው። እዚህ አንድ፣ እዚያ ማዶ አንድ፤ የቀረው ባዶ አፈር ነው። ጋሼ ሙላቱ ዘሩ እንደሚሞት እየተነገራቸው፣ በቦዩ ዳር ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መደብ ላይ አስተካክለው ዘርተውታል፤ ውሃም አልነፈጉትም።

እሳቸው ከማዶ ከአቡበከር ጋር ቆመዋል። አቡበከር ትልቅ ሰው ነው፣ ጢሙ ገብስማ። የራሱን መደብ አየ፣ የሳቸውን አየ፣ መሬት መሬቱን አየ። "አቶ ሙላቱ፣ ወላሂ አፌ ነው ያጠፋው። አውፍ ይበሉኝ" አላቸው።

"አውፍ ብያለሁ። እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የምጠረጥር" አሉት።

ሔዋን ባዶው መደብ ላይ ቁጢጥ ብላ አፈሩን በጣቷ ትፈልጋለች። አጠገቧ ሄድኩ። "እትዬ" አለችኝ፣ "በእኛ ሥራ አንድ ነገር መጥቀሙን ለማሳየት፣ ምንም ሳይደረግበት ጎን ለጎን የሚተው ሁልጊዜ ይኖራል። እሱ ከሌለ ማንም አያምነንም። እኔ ከዚህ ማሳ ምርጥ ማስረጃ አግኝቻለሁ፤ ለየትም ጉባኤ ባቀርበው ያጨበጭቡልኛል። ግን እኮ አባቴ ነው!" ብላ ፊቷን በጭቃ እጇ ይዛ ተንሰቀሰቀች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ምን ልሁን!

አባቷ ቦዩን ተሻግረው መጡ። ልጃቸው እንዲያ ስትሆን አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ እጃቸው የሚያርፍበት ጠፋው። በመጨረሻ ጭንቅላቷ ላይ አሳረፉት።

"ምን ያስለቅስሻል?" አሏት። "ዛሬ ከቤቴ እዚህ እስክደርስ ሰላም ያላለኝ ሰው የለም።"